መጀመሪያ ስልክ ቁጥሩ ይስተካከል

(መለያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

ወልድያ ጎንደር በር ሱቅ እየዘጋችሁ ያላችሁ፣ መርሳ ላይ የጭነት መኪና የምትጠብቁ፣ በሀብሩ ገጠር ቀበሌዎች ሬዲዮ ከፍታችሁ ደጃችሁ ላይ የተቀመጣችሁ፣ እንኳን አብራችሁን ሆናችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ድረ ገጽና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። «ይሄማ የአዲስ አበባ ሰው ወሬ ነው» ብላችሁ ጣቢያ እንዳትቀይሩብኝ። ጉዳዩ የመርሳን ማንጎና የወልድያን አልጋ የሚመለከት ነው።

እስቲ አንድ ምሽት እናስብ። ታኅሣሥ 27 ነው። ገናን ላሊበላ ለማክበር ከአዲስ አበባ በሌሊት የተነሣ ቤተሰብ ደሴን፣ ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ ውርጌሳን አልፎ መርሳ ሲደርስ መሸበት። እናት ከኋላ ወንበር «ልጄ፣ ወገቤ አለቀ፤ ወልድያ እንደር» ይላሉ። ልጅ ስልኩን አውጥቶ «ወልድያ ሆቴል» ብሎ ይፈልጋል። አንድ ሆቴል ይመጣለታል። ቢደውል ቁጥሩ አይሠራም። ገጹን ቢከፍት አንድ ትልቅ ፎቶ ግማሹ ወርዶ ቀጥ አለ። የአልጋ ዋጋ የለም፤ «ይምጡና ይጎብኙን» የሚል ጽሑፍ ብቻ። ወደ ሁለተኛው ሆቴል ደወለ። «አቤት» አሉ ሴትዮዋ። «አምስት ሰው ነን፤ የጾም እራት ይኖራል?» «ሽሮም፣ ምስርም፣ ተጋቢኖም አለ፤ ኑ።» አለቀ።

የመጀመሪያው ሆቴል ባለቤት በዚያ ምሽት ምን እንዳጣ አያውቅም። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ጄኔሬተር ገዝቷል፣ አንሶላው አዲስ ነው። የተሳሳተው ስልክ ቁጥሩ ብቻ ነው። ደጁ ድረስ መጥቶ ፊቱን ያዞረበት ደንበኛ ቢሆን ኖሮ ያየው ነበር፤ ይጠይቀውም ነበር። በስልክ መጥቶ በስልክ የሄደ ደንበኛ ግን አይታይም። ካልታየ አያስቆጭም፤ ካላስቆጨ አይስተካከልም።

ድረ ገጽ ማዘመን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቀለም መቀየር፣ የሚንቀሳቀስ ሥዕል መጨመር ነው። ይህ ልክ አይደለም። ለትንሽ ንግድ ማዘመን ማለት ገጹ የሚናገረው ነገር ዛሬም እውነት እንዲሆን ማድረግ ነው። ቁጥሩ ይሠራል? ሰዓቱ ልክ ነው? ዋጋው የዛሬ ነው? ቦታው ካርታ ላይ የተተከለው በራችሁ ላይ ነው ወይስ ማዶ ሰፈር? ከዚህ የሚቀድም ሥራ የለም።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ለብዙዎቻችሁ ድረ ገጽ አያስፈልግም። የሰፈር ሱቅ፣ ሻይ ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ ጉግል ካርታ ላይ ስሙ በነጻ ከተመዘገበና አንድ የቴሌግራም ቻናል ከከፈተ ይበቃዋል። ድረ ገጽ የሚያስፈልገው ገዢው ሩቅ አገር ላለበት ሰው ነው፦ ለሆቴል፣ የሀብሩን ማንጎና ፓፓያ ደሴና አዲስ አበባ ለሚያደርስ የፍራፍሬ ጅምላ ነጋዴ፣ ወገኑ ውጭ አገር ሆኖ ለቤተሰቡ ዕቃ ለሚገዛበት መደብር። «ድረ ገጽ የሌለው ንግድ አይቆምም» እያለ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ሰው አትቸኩሉለት። ወጪውም ቀላል አይደለም። ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ቦታ ኪራይ ብዙውን ጊዜ በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያ ሂሳብ በዓመት 60 ዶላር የሚጠየቅበት ኪራይ 3,400 ብር አካባቢ ነበር፤ ዛሬ ከ7,000 ብር ያልፋል። በነጥብ ኢቲ የሚያልቀው የአገራችን የድረ ገጽ ስም ግን በኢትዮ ቴሌኮም በኩል በብር ይገኛል፤ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።

ድረ ገጽ አለኝ የምትሉ ደግሞ ስሙ በማን እንደተመዘገበ ዛሬውኑ አጣሩ። የሠራላችሁ ልጅ በራሱ ኢሜይል አስመዝግቦት ከሆነ፣ ልጁ ሥራ አግኝቶ ሌላ ከተማ ሲሄድ ቁልፉ አብሮት ይሄዳል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት የሠራነውን ገጽ እንዲሁ አጥቼዋለሁ። ስሙ የሚታደስበት ቀን አለፈ፣ ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው በማላውቀው ኢሜይል ነበር፣ ገጹ ጠፋ። የንግድ ፈቃዳችሁን በሌላ ሰው ስም እንደማታወጡት ሁሉ ይህንንም በሌላ ሰው ስም አታስመዝግቡ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ጽሑፉ እንግባ። እዚህ ላይ የእኛ ችግር ከሌላው አገር ነጋዴ ችግር የተለየ ነው፤ ከውጭ የተቀዳ ምክርም አይፈታውም። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት ሠንጠረዥ፣ ዩኒኮድ በሚባለው፣ የገባው በ1992 ዓ.ም መጀመሪያ ነው። ከዚያ በኋላ በአማርኛ የተጻፈ ነገር በየትኛውም ስልክ የሚነበብበት መንገድ ተከፈተ። ነገር ግን ኮምፒውተር «ፀጉር» ሲባል ስለ ራስ ፀጉር መሆኑን አያውቅም፤ የሚያየው ፊደሉን ነው። በፀሐዩ ፀ የጻፈውና በጸሎቱ ጸ የጻፈው ለእሱ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ፀጉር ቤታችሁን በአንዱ ፀ ብቻ ጽፋችሁ ደንበኛ በሌላው ጸ ከፈለገ ላትገናኙ ትችላላችሁ። ሀብሩም እንዲሁ ነው፤ በሀሌታው ሀ የሚጽፍ አለ፣ በሐመሩ ሐ የሚጽፍም አለ። ወልድያን አንዱ «ወልድያ»፣ ሌላው «ወልዲያ» ይላታል። በላቲን ፊደልማ በሦስትና በአራት መንገድ ትጻፋለች። መፍትሔው ገንዘብ አያስወጣም፦ በገጻችሁ መግለጫ ውስጥ የከተማውን ስም በሁለቱም አጻጻፍ፣ በላቲንም በተለመዱት አጻጻፎች አስገቡ። የመምህራንን ልብ ላይሞላ ይችላል። ደንበኛን ግን ያመጣል፤ በዚህ ጉዳይ እኔ ከደንበኛው ጋር ነኝ።

ሌላው ሰዓት ነው። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እንከፍታለን» ስትሉ እኔና እናንተ እንግባባለን። ጉግል ካርታ ላይ 2 ብላችሁ ብትሞሉ ግን ማሽኑ የሚረዳው ከሌሊቱ 8 ሰዓትን ነው። እዚያ ላይ መሞላት ያለበት 8 ነው፤ ስድስት ሰዓት መደመር። ብዙ ሱቅ በስልክ ላይ «አሁን ዝግ ነው» እየተባለ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ የሚውለው በዚህ ስሕተት ነው። ቀንም እንደዚያው ነው። ከውጭ አገር የሚመጣ እንግዳ «ጥር 10» የሚለውን ጃንዋሪ 10 አድርጎ ይወስደዋል፤ የእኛ ጥር 10 ከተራ ሲሆን በእነሱ ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 18 ነው። አልጋ የምታከራዩ ሰዎች ሁለቱንም የዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ።

ማስታወቂያችሁን በፎቶ ላይ ጽፋችሁ የምትለቁ ብዙ ናችሁ። አበባ ያለበት፣ ወርቃማ ፊደል ያለበት፣ ስልክ ቁጥሩ ከታች የሰፈረበት። ያምራል። ግን ፎቶ ላይ የተጻፈ ቁጥር ተነክቶ አይደወልበትም፤ ሰው በወረቀት ገልብጦ መልሶ መምታት አለበት። ቁጥሩንና አድራሻውን ከፎቶው ሥር በጽሑፍ ድገሙት። ፎቶውም ክብደት አለው። ስልካችሁ የሚያነሣው አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን፣ 20 ፎቶ 80 ሜጋባይት ነው። ያ ለደንበኛችሁ የካርድ ገንዘብ ነው። ወደ 200 ኪሎባይት ብታሳንሱት ሃያውም ተደምሮ 4 ሜጋባይት ይሆናል፤ የማንጎው ቢጫነትም አይጠፋም። የማሳነሻ መተግበሪያ በነጻ ይወርዳል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንምጣ። ቻትጂፒቲ፣ ጀሚናይ የሚባሉትን ስማቸውን ሰምታችኋል። ምን እንደሆኑ ባጭሩ ልናገር። እጅግ ብዙ ጽሑፍ እንዲያነቡ ተደርገው፣ ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል እየገመቱ የሚጽፉ ማሽኖች ናቸው። ያነበቡት በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛው ጥቂት ነው፤ ስለ መርሳ ከተማማ ያነበቡት እፍኝ አይሞላም። የማያውቁትን ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ «አላውቅም» አይሉም። ጎደሎውን በግምት ይሞሉታል፤ ያውም በልበ ሙሉነት። ይህን አንድ ነገር ከያዛችሁ የቀረው ሁሉ ይገባችኋል።

እንግዲህ አንድ የመርሳ የፍራፍሬ ነጋዴ ሴት እንውሰድ። መጻፍ ይሰለቻቸዋል እንጂ ንግግር አይቸግራቸውም። ጉግል በአማርኛ ተናግሮ የማስጻፍ አገልግሎት ያመጣው በነሐሴ 2009 ዓ.ም ነው፤ የስልካቸውን ማይክሮፎን ነክተው ይናገራሉ፣ ጽሑፉ ይወጣል። እንዲህ አሉ እንበል፦ «ስለ ማንጎዬ ማስታወቂያ ጻፍልኝ።» የሚመጣላቸው መልስ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፦ «ከ20 ዓመት በላይ ልምድ ያለው፣ በኢትዮጵያ ቀዳሚ የሆነው ድርጅታችን ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ ማንጎ ያቀርባል።» ሃያ ዓመት ማን አለው? ዓለም አቀፍ ደረጃውንስ ማን መሰከረ? ነጋዴዋ ይህን ሳያነቡ ቢለቁት ውሸቱ የእሳቸው ይሆናል እንጂ የማሽኑ አይሆንም። መርሳ ላይ ሰው ይተዋወቃል።

አሁን አነጋገሩን እንለውጠው። እንዲህ ይበሉት፦ «መርሳ ከተማ የፍራፍሬ ጅምላ ነጋዴ ነኝ። ማንጎና ፓፓያ አለኝ። ገዢዎቼ ደሴ፣ ኮምቦልቻና አዲስ አበባ ናቸው። በኩንታል እሸጣለሁ፤ መኪና ላይ እጭናለሁ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ስልክ አነሣለሁ። ለቴሌግራም የሚሆን አራት መስመር ጻፍልኝ። ያልነገርኩህን ነገር አትጨምር። የጎደለ ካለ ጠይቀኝ።» መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው ሥራውን የሚሠሩት። ማሽኑ «ዋጋው ስንት ነው? ማንጎው መቼ ይደርሳል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ጥያቄ ብቻውን ይጠቅማል፤ ደንበኛ የሚጠይቀው እሱኑ ነውና። የሚመጣውን ጽሑፍ ጮክ ብለው ለልጃቸው ወይም ለጎረቤት ያንብቡት። እኛ በአፋችን የማንለው ቃል ካለበት ይሰርዙት። ማሽኑ አንዳንዴ ሴቷን «አንተ» ይላል፣ አንዳንዴ «እርስዎ» ብሎ ጀምሮ «አንቺ» ብሎ ይጨርሳል። ወሎ ውስጥ ትልቅን ሰው አንቱ ሳይሉ ዕቃ መሸጥ ነውር መሆኑን እሱ አያውቅም።

በትርጉም ሥራ ማሽኑ ጥሩ ረዳት ነው። የጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው በየካቲት 2008 ዓ.ም ነው፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ በጣም ተሻሽሏል። ለውጭ እንግዳ መልስ መጻፍ የሚቸግረው የወልድያ እንግዳ ተቀባይ ሳይጨነቅ ሊጠቀምበት ይችላል። ጥንቃቄው ሰዓት፣ ቀንና የምግብ ስም ላይ ነው። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት ቁርስ» የሚለው እንዳለ ሊተረጎምና ፈረንጁ በሌሊት ሊነሣ ይችላል። የምግብ ስም አታስተርጉሙ። ተጋቢኖ ተጋቢኖ ነው፤ ስሙን እንዳለ ጻፉና ከጎኑ «ከሽሮ የሚሠራ፣ በትኩሱ የሚቀርብ፣ ሥጋ የሌለው» ብላችሁ ግለጹት። ምግባችሁ ሐላል ከሆነ ይህንኑ ጻፉ፤ መርሳና ወልድያ የሁለቱም እምነት ሰው የሚያልፍባቸው ከተሞች ናቸው፤ ደውሎ ለመጠየቅ የሚያፍር መንገደኛ ብዙ ነው።

ማሽኑ ፈጽሞ መጠየቅ የሌለበት ነገርም አለ። የዘርና የግብርና መድኃኒት ሻጮች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምለው። ገበሬ መጥቶ «ይህን ማሽላ በሄክታር ስንት ኪሎ ልዝራ? መድኃኒቱን በስንት ውኃ ልበጥብጠው?» ቢላችሁ፣ ቻትጂፒቲ የሚላችሁን ቁጥር አትስጡት። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ያለው እዚሁ ሀብሩ ውስጥ ነው፤ ግራና 1 የሚባለው የማሽላ ዝርያ ከዚያ የወጣ፣ ስሙን ከገዛ ቀያችን የወሰደ ነው። የዚህን መሬት አፈርና ዝናብ የሚያውቁ ተመራማሪዎች በደጃችን እያሉ ማዶ ያለ ማሽን ግምት ላይ የገበሬን ዓመት መጣል አይገባም። ኢንተርኔት ለሌለው ገበሬም ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ 8028 የሚባለው ነጻ የስልክ መስመር ተዘርግቶ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የግብርና ምክር ሲሰጥ ቆይቷል። ድረ ገጽ ሳያስፈልገው፣ በተራ ስልክ፣ በሰው ቋንቋ። እኔ ለአካባቢያችን ይበጃል ብዬ የማምነው ቴክኖሎጂ እንዲህ ያለው ነው።

ገንዘብ ላይ አጠር አድርጌ ልለፍ። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ተጠቃሚው ከ50 ሚሊዮን በላይ መድረሱን ኢትዮ ቴሌኮም ይገልጻል። ሱቃችሁም ውስጥ በየቀኑ የሚከፈልበት ነው። ደንበኛ «ልኬያለሁ፣ ይኸው» ብሎ የስልኩን ምስል ቢያሳያችሁ ያንን አትመኑ። የተቀነባበረ ደረሰኝ መሥራት ዛሬ የደቂቃ ሥራ ነው። የምታምኑት ወደ እናንተ ስልክ የገባውን መልእክትና የእናንተን ሒሳብ ነው። የምታውቁትን ሰው ድምፅ አስመስሎ መደወልም ተጀምሯል፤ በድምፅ ብቻ ገንዘብ አትላኩ፣ ዘግታችሁ በምታውቁት ቁጥር መልሳችሁ ደውሉ። የምስጢር ቁጥራችሁን ለማንም፣ ለማሽንም አትንገሩ። የደንበኛን ስም፣ ስልክ፣ የዱቤ መዝገብ ገልብጣችሁ ማሽኑ ላይ አትለጥፉ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ከአዋጁ በፊትም ቢሆን የሰው ዱቤ የሰው ገመና ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ሳልናገረው የማላልፈው ነገር አለ። ይህን ሁሉ ስንል መስመር ሲኖር ነው። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከተሞቻችን በሰሜኑ ጦርነት ውስጥ ሳሉ ለወራት መብራትም ስልክም ባንክም አልነበረም፤ ሱቁ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ብቻ መዝገቡን ያስቀመጠ ሰው ኮምፒውተሩ ሲወሰድ መዝገቡ አብሮ ሄደ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ የክልላችን፣ የአማራ ክልል፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ቆየ። የቴሌግራም ቻናል ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ንግድ በአንድ ሌሊት ድምፁ ጠፋ። የደንበኞቻቸውን ቁጥር በደብተር የጻፉ ግን ስልክ ባለበት ሁሉ መደወል፣ አጭር መልእክት መላክ ይችሉ ነበር።

ስለዚህ የምለምናችሁ ደብተሩን እንዳትጥሉት ነው። በወር አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ደመወዝ በምትከፍሉበት ዕለት፣ የደንበኞችን ስምና ቁጥር፣ የዱቤውን ሒሳብ፣ የገጻችሁን መግቢያ ስምና የሚታደስበትን ቀን በእጅ ጽፋችሁ ከሱቁ ውጭ፣ ቤት ውስጥ አስቀምጡ። አንድ ግልባጭ ደግሞ በፍላሽ ይኑር። ገጻችሁም ላይ ከቴሌግራሙ በፊት ተራ ስልክ ቁጥር ይቅደም፤ ኢንተርኔት ሲሄድ መጨረሻ የሚሄደው እሱ ነው።

ሥራውን ብቻችሁን መሥራት ቢከብዳችሁ፣ በ2004 ዓ.ም ማስተማር የጀመረው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚማሩ ወጣቶች አሉት። አንዱን ተማሪ ለሁለት ቀን በተገቢ ክፍያ ቅጠሩት። ነገር ግን በእናንተ ስልክ ላይ፣ በእናንተ ኢሜይል፣ እናንተ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ይሥራ። ጨርሶ ሲሄድ ዋጋ መቀየርና ሰዓት ማስተካከል እናንተው የማትችሉ ከሆነ ሥራው አላለቀም፤ ክፍያውንም እስኪያሳያችሁ ያዙት።

ሰዓታችን ሊያልቅ ነው። ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉልኝ። የራሳችሁን ሳይሆን የልጃችሁን ወይም የጎረቤታችሁን ስልክ ተዋሱ። የንግዳችሁንና የከተማችሁን ስም ጽፋችሁ ፈልጉ። የሚወጣውን ስልክ ቁጥር አትመልከቱት፤ ደውሉበት። ካልጠራ፣ ወይም ሌላ ሰው ካነሣው፣ ነገ ጠዋት ሱቅ ስትከፍቱ የመጀመሪያው ሥራችሁ እሱ ይሁን።

(መለያ ሙዚቃ)